ዕጢው ከወጣ በኋላ

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። የክትትል ቀጠሮዋ ነበር። እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ስትፈታላት፣ ሲስተሯ ካርዱን ገለጥ አድርጋ «ሆዷስ እንዴት ነው?» አለች።

«ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ሲስተሯ መልሱን አልጻፈችውም። «እህቴ፣ ካካ ስትል እንዴት ነው ማለቴ ነው። በቀን ስንቴ ትወጣለች? ይደርቅባታል? ያመልጣታል?»

እናትየዋ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እንዳይሰሟት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ተቅማጥ ይዟት አልለቅ ብሏታል። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ሁልጊዜ ሱሪዋ ነክቷል። ልጆቹ ይሸታል እያሉ አጠገቧ አይቀመጡም። ከፋርማሲ የተቅማጥ ማቆሚያ ገዝቼ ሰጠኋት፤ ጭራሽ ባሰባት።»

ሲስተሯ ልጅቷን በጀርባዋ አስተኝታ ሆዷን ዳሰሰች። ከዚያ የእናትየዋን እጅ ይዛ ከእምብርት በታች፣ በግራ በኩል አስቀመጠችው። ከቆዳው ሥር ጠጠር ያለ፣ ጣት ሲጫነው ቶሎ የማይለቅ ጓል ነበር። እናትየዋ ደነገጠች፤ ፊቷ ላይ የሚነበበው «ዕጢው ተመለሰ እንዴ?» የሚል ፍርሃት ነው።

«አይዞሽ፣ ሰገራ ነው» አለቻት። «ልጅሽን የያዛት ተቅማጥ አይደለም። ድርቀት ነው።»

ይህች ልጅ የተወለደችው ከጭራ አጥንቷ ከተነሣ ዕጢ ጋር ነው። ሐኪሞች ሳክሮኮክሲጂያል ቴራቶማ ይሉታል። በተወለደች በሁለተኛው ሳምንት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ዕጢው ወጣ፤ ቁስሉም በደንብ ዳነ። የላቦራቶሪ ውጤቱ ካንሰር እንዳልሆነ ስለገለጸ ቤተሰቡ ስለት አገባ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በየቀጠሮው ደሟ ተመረመረ፣ ጠባሳዋ ታየ፣ አልትራሳውንድ ተነሣች። ስለ ዓይነ ምድር በዝርዝር የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እናትየዋም ሳትጠየቅ ለመናገር አፈረች።

ሳክሮኮክሲጂያል ቴራቶማ በአራስ ሕፃናት ላይ ከሚታዩት ዕጢዎች ሁሉ ይበልጥ የተለመደው ነው። እንዲያም ሆኖ የሚያጋጥመው ከ35,000 እስከ 40,000 ከሚሆኑ ልጆች በአንዱ ነው። በሴቶች ላይ ከወንዶች ሦስትና አራት እጥፍ ይበዛል። መነሻው ፅንሱ ገና በሚሠራበት ጊዜ ወደ ማንኛውም የሰውነት ክፍል ለመለወጥ የሚችሉ ሴሎች ጭራ አጥንት አካባቢ መቅረታቸው ነው። በዚህ የተነሣ ዕጢው ውስጥ ፀጉር፣ ስብ፣ የአጥንት ቁራጭ፣ አንዳንዴም ጥርስ ይገኛል። ይህን ያዩ ቤተሰቦች ብዙ ነገር ይጠረጥራሉ፤ እርግማን ነው የሚልም አለ። እናት የበላችው፣ ያየችው ወይም የሠራችው ነገር ያመጣው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1974 አልትማን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ዕጢውን በአራት ዓይነት ከፈሉት፤ ክፍፍሉ ዛሬም ይሠራበታል። የመጀመሪያው ዓይነት በአብዛኛው በውጭ የተንጠለጠለ ነው፤ ልጁ ሲወለድ አዋላጇ ታየዋለች። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከፊሉ በውጭ፣ ከፊሉ በዳሌ ውስጥ ሆኖ ወደ ሆድ የሚዘልቅ ነው። አራተኛው ሙሉ በሙሉ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ ምንም አይታይም፤ ልጁ ጤነኛ መስሎ ያድጋል። ሽንቱ ሲያዝበት ወይም ሆዱ ሲደርቅበት እንደ ተራ የሆድ ድርቀት እየታከመ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። ይህ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል። በአራስነት የሚወጣው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ ልጁ ባደገ መጠን ግን ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል። ሆዱ ከጨቅላነቱ ጀምሮ የደረቀበትና በመድኃኒት አልሻል ያለው ልጅ፣ ከጭራ አጥንቱ በላይ ካለው የሳክረም አጥንት ፊት ለፊት ያለው ቦታ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው እንግባ፤ የኋላው ችግር መነሻ እዚያ ነው። ሐኪሙ ዕጢውን ሲያወጣ ጭራ አጥንቱንም አብሮ ማውጣት አለበት። ካላወጣው ዕጢው ተመልሶ የመብቀሉ ዕድል በእጅጉ ይጨምራል። ጭራ አጥንት ትንሽ ናት፤ የዳሌን ወለል የሚሠሩት ጡንቻዎች ግን እሷ ላይ ተያይዘዋል። ትልቅ ዕጢ ደግሞ ልጁ ገና በማኅፀን ሳለ ጀምሮ ፊንጢጣውን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ጡንቻዎቹን ወጥሮ አሳስቷቸው፣ ነርቮቹን ጎትቶ ይቆያል። ጎበዝ ቀዶ ሐኪም እነዚያን የሳሱ ጡንቻዎች አንድ በአንድ ለይቶ ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። ያም ሆኖ ተወጥሮ የኖረ ጡንቻና ነርቭ እንዳልተነካው አይሆንም። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ችግር የግድ የሐኪም ስህተት አይደለም፤ ዕጢው ራሱ ሳይወጣ በፊት ያደረሰው ጉዳትም አለበት።

ጤነኛ ሰው ስለማያስበው ሥራ ትንሽ ላብራራ። ሰገራ ወደ ታችኛው አንጀት ሲገባ ግድግዳው ይለጠጣል። መለጠጡን ነርቮች ለአንጎል ያሳውቃሉ፤ በዚያው ቅጽበት ከውስጥ ያለው የፊንጢጣ ቀለበት ጡንቻ ሳናዘው ላላ ይላል። የመጣው ጋዝ ይሁን ፈሳሽ ወይም ጠጣር የፊንጢጣ ስስ ቆዳ ይለያል። ሰው በጉባኤ መካከል ተቀምጦ የትኛውን መልቀቅ እንደሚችል የሚያውቀው በዚህ ነው። ጊዜው ካልሆነ በፈቃዳችን የሚታዘዘው የውጭው ቀለበት ይጨመቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፊት ለፊት ካለው የዳሌ አጥንት ተነሥቶ ፊንጢጣን ከኋላ እንደ ወንጭፍ አቅፎ ወደ ፊት የሚስብ ጡንቻ አለ። እሱ ሲስብ መንገዱ ይቆለመማል፤ ሰገራውም በቦታው ይቆያል። ቁጢጥ ስንል ጡንቻው ይላላና መንገዱ ቀጥ ይላል። የአገራችን የቁጢጥ መጸዳጃ ለዚህ ምቹ ነው። በመቀመጫ ሽንት ቤት የሚጠቀም ልጅ ግን እግሩ ሥር ዱካ ሊደረግለት ይገባል፤ እግሩ ተንጠልጥሎ በደንብ ማማጥ አይችልም።

ይህን ሁሉ የሚያዙት ነርቮች የሚወጡት ከሳክረም አጥንት ቀዳዳዎች ነው፤ በተለይ ከሁለተኛው፣ ከሦስተኛውና ከአራተኛው። አንጀቱን የሚገፋው ትእዛዝም፣ ቀለበቱን የሚዘጋው ትእዛዝም፣ «መጣ» የሚለው ስሜትም በእነሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

የልጅቷ ሱሪ ለምን ይነካል? ነርቮቹ ስለደከሙ አንጀቷ መሙላቱ በደንብ አይሰማትም፤ ቢሰማትም ገፍቶ ለማስወጣት ኃይሉ ያንሳል። ዛሬ ትንሽ ይቀራል፣ ነገ ሌላ ይጨመርበታል። የቆየው ሰገራ ውሃው እየተመጠጠ ይጠጥራል፣ አንጀቱም እየሰፋ ይሄዳል። የሰፋ አንጀት ደግሞ መለጠጡን አያሳውቅም፤ ሊሰማት የነበረው ትንሽ ስሜትም ይጠፋል። ከበላይ የሚመጣው አዲሱ ለስላሳ ሰገራ መውጫ ሲያጣ በደረቁ ጓል ዳርና ዳር ሾልኮ ይፈስሳል። ሱሪው ላይ የሚታየው እሱ ነው። ለዓይን ተቅማጥ ይመስላል። የተቅማጥ ማቆሚያ ሲሰጣት አንጀቷ ከነበረው በላይ ቀሰስ አለ፣ ጓሉ ጨመረ፣ መፍሰሱም ባሰ።

እኔ ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣሁት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። በየቤቱ ስንት ልጅ «አውቀሽ ነው»፣ «ስንፍና ነው»፣ «ትልቅ ልጅ ሆነሽ አታፍሪም?» እየተባለ ይገረፍ ይሆን? ልጁ የማይሰማውን ነገር ነው አልያዝክም እየተባለ የሚቀጣው። ሽታውን እንኳ ብዙ ጊዜ ለምዶት አያሸትተውም። እሱን የሚሸሹት ልጆች ግን ያሸቱታል፤ ለምን እንደሸሹት የሚገባው ዘግይቶ ነው።

ልጅቷ ለየት ያለ ዕድል የገጠማት አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ በአገር አቀፍ ደረጃ የወጣ ጥናት ይህን ዕጢ በልጅነታቸው ያስወጡ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ሽንት የሚያመልጣቸው ከሦስቱ አንድ ገደማ ነበሩ። ሰገራ የሚነካቸው፣ ጨርሶ የሚያመልጣቸው፣ የሚደርቅባቸውም ቀላል አልነበሩም። እነዚህ ችግሮች ኑሯቸውን እንደሚጎዱም ታይቷል።

«ያመልጠኛል» የሚሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመም የላቸውም። የአንዱ አንጀት ዘገምተኛ ነው፤ ይሞላና ይፈስሳል። የሌላው ደግሞ ፈጣን ነው፤ ምናልባት የታችኛው አንጀቱ ተቆርጦ ወጥቷል ወይም በጨረር ተጎድቷል፤ የሚያቆይበት ቦታ የለውም። ለመጀመሪያው ማለስለሻና ማጠብ፣ ለሁለተኛው ደግሞ የሚያደርቅ ምግብና የተቅማጥ ማዘግያ ያስፈልጋል። ቢቀያየር ሁለቱም ይጎዳሉ። አንድ ተራ የሆድ ራጅ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይለየዋል፤ አንጀቱ በሰገራ የተሞላ ከሆነ ፊልሙ ላይ ይታያል። ይህን አሠራር ያደራጁት ሜክሲኳዊው የሕፃናት ቀዶ ሐኪም አልቤርቶ ፔኛ ናቸው። ያለ ፊንጢጣ ቀዳዳ ለሚወለዱ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባስተዋወቁት ቀዶ ሕክምና ይታወቃሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰገራ የሚያመልጣቸውን ልጆች ለሳምንት ያህል በየቀኑ ራጅ እያነሡ፣ የማጠቢያውን መጠን እየለዋወጡ ልጁ ቀኑን ሙሉ ንጹሕ የሚሆንበትን ልክ መፈለግ ከእሳቸው ትምህርት የመጣ ነው። ዛሬ ለቴራቶማ ልጆችም ያገለግላል።

እናትየዋ የተማረችው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ጓሉ ሆስፒታል ውስጥ በቀናት ውስጥ ታጥቦ ወጣ። ሳይወጣ ሌላ ነገር መጀመር ከንቱ ነው። ከዚያ የየማታው ሥራ መጣ። እራት ከተበላ በኋላ፣ ምግብ ሆድ ሲገባ አንጀት በተፈጥሮው የሚነቃበትን ሰዓት ጠብቃ፣ በሐኪም ልክ የተዘጋጀውን የጨው ውሃ ለብ አድርጋ በላስቲክ ከረጢቱ ትሞላለች። ከረጢቱ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ በተመታች ሚስማር ይንጠለጠላል። ልጅቷ በግራ ጎኗ ትተኛለች። ቱቦው ቅባት ተቀብቶ ቀስ ተብሎ ይገባል፤ ውሃው ቶሎ ከወረደ ሆዷን ስለሚቆርጣት እናትየዋ መቆለፊያዋን በጣቷ እያላላች ታወርደዋለች። «ቆረጠኝ» ካለች ታቆማለች። ከዚያ ልጅቷ እግሯን ዱካው ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶ ነበር። አሁን ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀለም ትቀባለች፤ «ጨረስኩ፣ እማዬ» እያለች ትጠራለች። አንጀቱ በደንብ ከታጠበ እስከ ማግሥቱ ማታ የሚወርድ ነገር የለም። ትምህርት ቤት በንጹሕ ሱሪ ትውላለች።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። የጨው ውሃውን በግምት ማዘጋጀት፣ በባዶ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ወይም ሳሙና መጨመር ለሕፃን ልጅ አደገኛ ነው፤ የሰውነትን ጨው ያዛባል፣ አንጀትንም ያቆስላል። ቱቦን በኃይል መግፋት አንጀት ይበሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው እጥበት ባለሙያ ባለበት ነው የሚሠራው፤ እናትም በእጇ እየሠራች እስክትለማመደው ድረስ ብቻዋን አትተውም።

ሁሉም ልጅ ማጠቢያ አያስፈልገውም። ለብዙዎች በየዕለቱ በአንድ ሰዓት ከምግብ በኋላ መቀመጥ፣ ውሃ መጠጣትና በሐኪም የታዘዘ ማለስለሻ ይበቃል። አንዳንዱ ማለስለሻ የሚሠራው ከሰናመኪ ነው፤ በአገራችን ጥንትም የሚታወቅ ቅጠል። የጤፍ እንጀራና ተልባም ይረዳሉ፤ ተልባ ግን ያለ በቂ ውሃ ሲወሰድ ራሱ ያደርቃል። አንጀቱ በጓል ለተሞላ ልጅ ደግሞ ተልባ ላይ ተልባ መጨመር ጭነቱን ማብዛት ነው። ጾም የምግቡንና የውሃውን ሰዓት ስለሚያዛባ የሰዓቱ ሥርዓት የገባለት አንጀት ይረበሻል። ለታማሚ ልጆችና አዋቂዎች ይህን ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ሙስሊም ቤተሰቦችም ሶላት የሚያስጨንቃቸው አሉ፤ ዘወትር ለሚያመልጠው ሰው በየሶላቱ ወቅት ውዱእ አድርጎ መስገድ እንዲችል ሃይማኖቱ መንገድ አለው። ብዙዎች ግን ሳይጠይቁ ራሳቸውን ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ያርቃሉ።

ልጁ አድጎ እናቱ ልታጥበው ሲያፍር ሌላ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ማሎን የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ትርፍ አንጀትን ወደ ሆድ ቆዳ አምጥተው ትንሽ ቀዳዳ የሚያበጁበትን ቀዶ ሕክምና አሳወቁ። በዚያች ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ከላይ ወደ ታች ማጠብ ይቻላል። ወጣቱ ሽንት ቤት ተቀምጦ ራሱ ይሠራዋል፤ ማንም አይነካውም።

አዋቂዎችንም ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። በእነሱ ላይ ከሳክረም የሚነሣው ብርቅ ዕጢ ኮርዶማ ነው፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ገደማ ይይዘዋል። የፅንስ ጊዜ የአከርካሪ ቅሪት ከሆኑ ሴሎች ይነሣል፤ በዝግታ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወገናችን ሲቀመጥ የሚያመውን የጭራ አጥንት ሕመም ለረጅም ጊዜ ከመሪ ላይ መዋል የመጣ ነው ብሎ ቻለው፤ ሆዱ ሲደርቅ ኪንታሮት ነው ተባለ። ሐኪም በጓንት ጣቱን አስገብቶ ከፊንጢጣ ጀርባ ቢዳስስ ጠጣሩ ዕጢ ብዙ ጊዜ ይነካዋል፤ ምርመራው ደቂቃ አይፈጅም። ሐኪሙም ታካሚውም ስለሚሸማቀቁበት ግን ይታለፋል። ሌላ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ነገር፣ ከእንዲህ ያለ ዕጢ ናሙና በፊንጢጣ በኩል መወሰድ የለበትም። መርፌው የዕጢውን ሴሎች ፊንጢጣው ላይ ሊዘራ ይችላል፤ ያኔ ጤነኛው ፊንጢጣም አብሮ መቆረጥ ሊኖርበት ነው።

ለኮርዶማ ዋናው ሕክምና ከነዙሪያው ሳይነካ ማውጣት ነው። ከሳክረም የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነው የቀጣዩን ዘመን ኑሮ ነው። የግራውም የቀኙም ሁለተኛ የሳክረም ነርቮች ከተቆረጡ ሽንትም ሰገራም በተፈጥሮው መቆጣጠር አይቻልም። ከሦስተኛዎቹ አንዱ እንኳ ከተረፈ አብዛኞቹ ሰዎች አንጀታቸውን ይቆጣጠራሉ። ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በፊት «የትኛውን ነርቭ ታተርፉልኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። በጃፓን ቺባ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በካርቦን ጨረር ያለ ቀዶ የማከም ሥራ ተስፋፍቷል፤ ነርቭን በማትረፍ ይመሰገናል። ጨረርም ቢሆን ያለ ጉዳት አይደለም፤ አንጀት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከወራት፣ አልፎም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ዕጢው ተገኝቶ የታከመው ታክሲ ነጂ አሁን ጠዋት ሁለት ሲኒ ቡና ይጠጣል። ቡና አንጀትን ስለሚያነቃ ጥቂት ጠብቆ ይቀመጣል፣ በማጠቢያው ይጨርሳል፣ ከዚያ ነው ቁልፉን የሚያነሣው። ለቅሶ ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን በር ያያል፤ ሰርግም አይቀርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦች ከየክልሉ ይመጣሉ። ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ብዙዎች ሐኪሙን ወደማያገኙበት ይመለሳሉ። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻና የላቦራቶሪውን ውጤት ኮፒ ይዘው ይሂዱ። ዕጢው የትኛው ዓይነት እንደነበር፣ ጭራ አጥንቱ መውጣት አለመውጣቱ፣ የተነካ ነርቭ ካለም እዚያ ላይ ተጽፏል። ልጅቷ አድጋ ሌላ ከተማ ላይ ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ የሚያያት ሐኪም ያን ወረቀት ይፈልገዋል። ዕጢው ተመልሶ እንደሆነ የሚጠቁመው የአልፋ ፊቶ ፕሮቲን የደም ምርመራም ቢያንስ ለሦስት ዓመት በቀጠሮ ይቀጥል፤ በየቀጠሮው ደግሞ የጤና ባለሙያው «ካካ ስትል እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ካልጠየቀም እናትየዋ ራሷ ትንገረው።